ወፌ ቆመች ሲባል እኔ የት ነበርኩ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት፣ ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ሕግ አውጪውን አልወቅስም፤ ልጃችን በእነዚያ 3 ቀናት ውስጥ ከመተኛትና ከማልቀስ በቀር ለወግ የሚበቃ ነገር አላደረገም። ቁም ነገሩን ሁሉ ያቆየው እኔ እዚያው እያለሁ እጄ ለማይፈታበት ሰዓት ነው።

ጥርሱን ያገኘችው ጎረቤታችን ናት። አጥሚት በማንኪያ ስትሰጠው ድዱ ላይ ቅጭ አለባትና እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ የመብራት ካርድ ላስሞላ ደረጃውን እየወረድኩ ስለነበር፣ የሆነ ቤት ሽምግልና ሰምሮ ይሆናል ብዬ በልቤ መርቄ አለፍኩ።

ለመዳኽ የመረጠው ደግሞ ውኃ የሚመጣበትን ሌሊት ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ውኃ የሚደርሰን በፈረቃ ነው፤ በእኩለ ሌሊት አንዱ “ውኃ መጣ!” ብሎ ሲጮህ ሕንፃው ሁሉ ይነሳል፣ ልጁም አብሮ ይነሳል። ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ከትቼ ጀሪካኖቹን በማሰልፍበት ጊዜ ግፊቱ በድንገት ጨመረና ጎማው ከበርሜሉ ዘሎ ወጥቶ ግድግዳውንም፣ ኮሪደሩንም፣ እኔንም አጠበ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ውኃውን በመወልወያ ወደ መታጠቢያ ቤት ስገፋ፣ ልጁ ከኋላዬ ሳሎኑን አቋርጦ ምንጣፉ ጫፍ ደርሷል። ባለቤቴ በስልኳ ቀርጻዋለች፤ ቪዲዮው በአክስቶቹ ሁሉ ስልክ ሲዞር ከርሟል። በቪዲዮው ላይ በጉልህ የሚታየው ግን ጎንበስ ብሎ የሚወለውል የአንድ ሰው ጀርባ ሲሆን፣ የልጁ ተረከዝ በቀኝ ጠርዝ በኩል ብቅ ብሎ ይጠፋል።

በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ የወሰድኩት እኔ ነበርኩ። ነርሷ “ይድሃል?” ስትለኝ “ይባላል” አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና የእናቱን ስልክ ጠየቀችኝ።

“አባ” የሚለውን ቃል እንኳ ሌላ ሰው እንደማይቀድመኝ እርግጠኛ ነበርኩ። የግቢያችን ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም “አባባ” ይላቸዋል። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በር ላይ አስቁመው “ዛሬ ልጅህ ስሜን ጠራኝ” አሉኝ፤ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ቤት ገብቼ፣ የሰማውን መድገሙ እንጂ አባትነትን ማወቁ እንዳልሆነ ለአማቴ በሰፊው አስረዳኋቸው። እሳቸውም ረከቦቱን እያስተካከሉ “እሺ ልጄ፣ አይዞህ፣ እህል ቅመስ” አሉኝ።

መራመዱ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጤናማ ሕፃን ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምረው በግምት ከ8 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ልጃችን አሥር ወር ሙሉ ተፈቅዶለት ሳለ፣ የወጥ ቤታችን ቧንቧ የፈነዳበትን ቅዳሜ፣ ከቅዳሜውም እኔ ዋናውን ጌት ቫልቭ ልዘጋ ወደ ምድር ቤት የወረድኩባትን ቅጽበት መረጠ። አማቴ “ወፌ ቆመች” እያሉ ሲያለማምዱት ስለከረሙ ቀኑ መቅረቡን አውቅ ነበር፤ ስልኬንም ቻርጅ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ጌት ቫልቩን ዘግቼ፣ ቆይቼ መልሼ ከፍቼ፣ እያለከለክሁ አራተኛ ፎቅ ስደርስ የቧንቧ ሠራተኛው ጭንቅላቱን ከገንዳው ሥር አውጥቶ ፈገግ አለ።

“ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ፣ ሄደልህ እኮ!”

“ተመስገን! ሳይንጠባጠብ?”

“ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል እንጂ ጥሩ ነው የሄደው።”

“ታዲያ አሁን ለምን ቆመ?”

“ደከመውና ቁጭ አለ።”

ዞር ስል ልጁ መሣሪያ ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ፒንሳ ይጠባል። አማቴና ባለቤቴ እያለቀሱ ይስቃሉ። ሂሳብ ስንተሳሰብ ሠራተኛው “ለልጁ ይሁን” ብሎ ጥቂት ብር ቀነሰልኝ፤ ቧንቧው ግን እስከ ዛሬ ይንጠባጠባል።

በሚቀጥለው ወር ልደቱ ይከበራል። ጎረቤታችን፣ የጥበቃው አባባና የቧንቧ ሠራተኛው በክብር እንግድነት ተጠርተዋል። እኔ በዕለቱ ለስላሳና በረዶ እንዳመጣ ታዝዣለሁ፤ ሻማው የሚጠፋው ስንት ሰዓት እንደሆነ ብጠይቅ እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠኝ የለም።