ሲፎኑን ያደረቀው ሲፎን

በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው። ከላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቻችን ልብስ አጥበው ትልቁን ሳፋ በአንድ ጊዜ ሲደፉት፣ የእኛ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ መውረጃ እንደተጠማ ሰው ያጉተመትማል። ከዚያ ሽታው ይከተላል። ለወራት በረኪና አፈሰስኩበት፤ ምንም አልፈየደም።

በመጨረሻ በዕድሜ የገፉ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ መጡ። ክዳኑን አንስተው በእጅ ባትሪ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ሲፎኑ ደርቋል» አሉኝ።

ሲፎን የምንለው ከመታጠቢያው ሥር ያለውን እጥፍ ቧንቧ ነው። ውሃው ሲወርድ ጥቂቱ እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል፤ ከፍሳሹ የሚመጣውን ሽታ የሚያግደውም ያ ጥቂት ውሃ ነው። በ1775 አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ በለንደን የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት መጸዳጃ ይህ እጥፋት ነበረው። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ በር አልተገኘም።

ታዲያ የእኔን ውሃ ማን ወሰደው? ሌላው ሲፎን፣ ፊዚክስ የሚያውቀው።

እሱንማ በየሳምንቱ በእጄ እሠራዋለሁ። ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ነክሬ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ እንዲወጣ አደርጋለሁ። አንዱን ጫፍ በአውራ ጣቴ ደፍኜ አወጣና ወለሉ ላይ ወዳለው ጀሪካን ዝቅ አደርገዋለሁ። ጣቴን ስለቅ ውሃው የበርሜሉን ከንፈር ሽቅብ ወጥቶ፣ ተሻግሮ ይወርዳል። ወደ ታች የተንጠለጠለው ውሃ ረዘም ስለሚል ክብደቱ ያይላል፤ በርሜሉን የሚጫነው አየር ደግሞ የቀረውን ከኋላ ይገፋዋል። የአየሩ ጉልበት ግን ልክ አለው። በባሕር ጠለል ላይ ውሃን 10 ሜትር ገደማ ያሻግራል፤ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ 8 ሜትር ያህል ብቻ። (ነዳጅ በአፋቸው የሚስቡ ሹፌሮችን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሳንባ ውስጥ የገባ ቤንዚን ይገድላል፤ እባካችሁ ተዉት።)

የጎረቤቶቼ ውሃም ቋሚውን ቧንቧ ሞልቶ ሲወርድ ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል። ያ ባዶ ቦታ አየር ይፈልጋል። ከጣሪያ ካላገኘ በእኔ ሲፎን በኩል ይስባል፣ ውሃዬንም ይዞት ይሄዳል። ሽማግሌው ጣሪያ ላይ ሲወጡ የአየር ማስገቢያው ቧንቧ አፍ በፌስታልና በሲሚንቶ ተደፍኖ አገኙት። በመሮ ከፈቱት። አንድ ሊትር ውሃ ወለሉ ላይ አፈሰስን፤ ሽታው በዚያው ቀረ። ሕንፃ የምትሠሩ ሰዎች፣ ያችን ቧንቧ አትድፈኗት፤ በሥሯ ስንት ቤተሰብ ይኖራል!

ነገሩን ለእናቴ ሳስረዳት ግዮን ትዝ አለኝ። የእኛን ዓባይ ማለቴ አይደለም፤ በኢየሩሳሌም ያለውን ምንጭ ነው። እናቴ ኢየሩሳሌምን ስትሳለም ሰሊሆም ወርዳ ነበር። ወደዚያ የሚደርሰው ውሃ ከግዮን ተነሥቶ፣ በንጉሥ ሕዝቅያስ ስም በሚጠራው 533 ሜትር ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ነው። ምንጩ በጥንት ጊዜ በቀን ጥቂት ጊዜ እየገነፈለ ይፈስና ያቆም ነበር፤ በዕብራይስጥ ስሙም ከመገንፈል ጋር የተያያዘ ነው። ምክንያቱን የሚያብራሩት በተፈጥሮ ሲፎን ነው። ዝናቡ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ የተራራውን ጓዳ ቀስ በቀስ ይሞላል። መውጫው መጀመሪያ ሽቅብ ታጥፎ ኋላ ቁልቁል የሚሄድ መተላለፊያ ነው። ውሃው እስከ እጥፋቱ አናት እስኪደርስ ጠብታ አይወጣም፤ ሲደርስ ግን ጓዳው አየር እስኪያስገባ ድረስ ሙልጭ ብሎ ይፈሳል። ከዚያ እንደገና መጠበቅ ነው።

እናቴ በርሜሉን አየት አደረገችና፣ «ሌሊትም ይሞላል?» አለችኝ።

«ሌሊትም ይሞላል፣ እማዬ» አልኳት።