የቤት ውስጥ የመሬት ሽቦን መፈተሽ እንዴት እንደተማርኩ

የመሬት ሽቦን ነገር በቁም ነገር መከታተል የጀመርኩት እናቴ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን በእርጥብ እጇ ስትነካ እንደሚነዝራት ደጋግማ ከነገረችኝ በኋላ ነው። ማሽኑ በደንብ ያጥባል፣ ብሬከሩም አይወርድም፤ ስለዚህ ሁላችንም ነገሩን ለምደነው ነበር። በቤት ኤሌክትሪክ ሥራ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንድ ጎረቤታችን ግን ገና ስነግራቸው ማሽኑን ከሶኬቱ እንድነቅል አዘዙኝ። «ጥፋቱ የማሽኑ ላይሆን ይችላል፣ ልጄ። ግራውንዱን፣ የመሬት ሽቦውን ማለቴ ነው፣ ሳናይ ማንም እንዳይነካው» አሉኝ። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

በመጀመሪያ ያስረዱኝ ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ውስጥ የኤሌክትሪክ ሁከትን የሚያጣራ ክፍል አለ፤ በውስጡ ያሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) ከፌዙም (ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣው ሽቦ) ከኒውትራሉም (ከሚመልሰው ሽቦ) ወደ ብረቱ አካል የተያያዙ ስለሆኑ ጥቂት ፍሰት ሁልጊዜ ወደ አካሉ ያልፋል። የመሬት ሽቦው ደህና ከሆነ ፍሰቱ ማንም ሳያውቀው በእሱ በኩል ይሄዳል፤ ከተቋረጠ ግን በ230 ቮልት መስመር ላይ የማሽኑ አካል እስከ 115 ቮልት ገደማ ሊይዝ ይችላል። የዚህ ፍሰት መጠን ትንሽ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከመንዘር አያልፍም። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ሊመጣ የሚችለው ነው፤ ፌዙ ራሱ አንድ ቀን ተላጦ አካሉን ቢነካ ፍሰቱ ብሬከሩን አውርዶ የሚያልፍበት ሽቦ ስለሌለ ማሽኑን የነካው ሰው መንገድ ይሆናል።

መለኪያ ከመያዜ በፊት ኤሌክትሪክ መጥፋቱን ማረጋገጥ ተማርኩ። ዋናውን ማጥፊያ ማውረድ ብቻ አይበቃም። ቴስተሩን፣ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በሚታወቅ ቦታ ላይ እሞክራለሁ፣ ከዚያ የምሠራበትን ቦታ እፈትሻለሁ፣ ከዚያም ቴስተሩ በመሃል እንዳልተበላሸ ለማወቅ ወደሚታወቀው ቦታ ተመልሼ እሞክረዋለሁ። ዋናው ማጥፊያ ወርዶም ቢሆን ከውጭ የሚገባው ሽቦ የታሰረበት ጫፍ ኤሌክትሪክ እንዳለበት ይቆያል፤ ጎረቤታችን ሳጥኑን በከፈትን ቁጥር ይህን ሳይናገሩ አያልፉም ነበር።

የማሽኑ ሶኬት አላስቸገረንም። ረጅም ሽቦ በሳጥኑ ውስጥ ካለው የመሬት ሽቦዎች መሰብሰቢያ አስረን ሌላውን ጫፍ ከመልቲሜትሩ (መስመሩ ከተገናኘ የሚጮኽ የኤሌክትሪክ መለኪያ) አንድ ዘንግ ጋር አገናኘን፤ በሁለተኛው ዘንግ የሶኬቱን መሬት ስነካ መልቲሜትሩ ጨርሶ ዝም አለ። ሶኬቱን ስንፈታ ብሎኑ የጠበቀው በሽቦው ፕላስቲክ ልባስ ላይ እንጂ በመዳቡ ላይ አልነበረም። ሽቦውን ልጠን መልሰን አሰርነው፤ እናቴም ከዚያ ወዲህ አልነዘራትም።

እኔ ግን በዚህ ተደፋፍሬ የቀሩትን ሶኬቶች በሙሉ ብቻዬን በድምፅ ፈተሽኩና ሁሉም ስለጮኹ ቤቱ ደህና ነው ብዬ ለጎረቤታችን ነገርኳቸው። «ስንት ኦም ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ኦም ሽቦው ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚቃወም የሚለካበት ነው፤ መልስ አልነበረኝም። ብዙ መልቲሜትሮች ጥቂት አሥር ኦሞች ያሉበትን መስመር እንኳ እንደ ደህና ቆጥረው ይጮኻሉ። ቁጥሩን እያነበብኩ እንደገና ስዞር አንዱ ሶኬት 18 ኦም አሳየኝ። በ230 ቮልት ፌዙ ከዚያ መሬት ጋር ቢገናኝ የሚያልፈው ወደ 12.8 አምፔር ብቻ ነው፤ 16 አምፔር ብሬከር ደግሞ ይህን ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ይውላል። የ«ሲ» ምልክት ያለው የ16 አምፔር ብሬከር ወዲያውኑ መውረዱ እርግጠኛ የሚሆነው ፍሰቱ 160 አምፔር ሲደርስ ነው፤ ለዚህም የጥፋቱ ዑደት፣ ማለትም ፍሰቱ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ በሙሉ፣ ከውጭ ያለው ክፍል ጭምር፣ ከ1.44 ኦም መብለጥ የለበትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልለካ በፊት የምጠብቀውን ቁጥር አሰላለሁ፤ ከተማርኩት ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠውም ለዚህ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በአንድ ሜትር 7.41 ሚሊኦም አለው፤ ስለዚህ 20 ሜትር ርቆ ያለ ሶኬት 0.15 ኦም ገደማ ሊያሳይ ይገባል። 18 ኦም ያሳየው ሶኬት ችግሩ ግድግዳው ውስጥ ባለው ማገናኛ ሳጥን ነበር፤ ሽቦዎቹ ተጠማዘው በፕላስተር ብቻ ተጠቅልለዋል፣ መዳቡም ጠቁሯል። ንጹሕ መዳብ እስኪወጣ ቆርጠን በሞርሴቶ (ሽቦዎችን በብሎን አጥብቆ በሚይዝ ማገናኛ) ስናስራቸው ንባቡ ወደሚጠበቀው ወረደ።

ስሌቱ ራሱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ 0.15 ኦም ጠብቄ 0.7 ስላገኘሁ ግማሽ ቀን ሳጥን ስከፍት ዋልኩ። ጥፋቱ የእኔው ነበር፤ 30 ሜትር የሆነው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ረጅም ሽቦዬ ብቻውን 0.36 ኦም አለው፣ የመልቲሜትሩ ዘንጎችም 0.2 ገደማ ነበራቸው። አሁን ሁሉንም አገናኝቼ ጫፎቹን እርስ በርስ በማስነካት የማነበውን ቁጥር አስቀድሜ ጽፌ ከእያንዳንዱ ንባብ እቀንሳለሁ።

በቁጥር ያማረ ንባብም ሊያታልል እንደሚችል ያወቅኩት በውሃ ማሞቂያው ነው። 0.1 ኦም አነበብኩ፤ ሲከፈት ግን የመሬት ሽቦው ከመታሰሪያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። የለካሁት የብረቱን የውሃ ቧንቧ ኖሯል፤ ቧንቧው አንድ ቀን በፕላስቲክ ቢተካ ማሞቂያው ያለ መሬት ይቀር ነበር። በሌላ ሶኬት ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ኒውትራሉን ከመሬቱ መታሰሪያ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶት አገኘን። ኒውትራልና መሬት በዋናው ሳጥን የተያያዙ ስለነበሩ ንባቡ እንከን አልነበረውም፤ የመስመሩን ኒውትራል ከሳጥኑ ስንፈታው ግን መሬቱም አብሮ ጠፋ። እንዲህ ባለ ሶኬት ላይ ኒውትራሉ ቢበጠስ የተሰካው ዕቃ አካል ሙሉውን 230 ቮልት ይይዛል። እንዲህ ያለውን ነገር አውቆ የሚሠራ ሰው መኖሩ እስካሁን ያሳዝነኛል። ስለዚህ የምለካውን ሽቦ ከቧንቧም ከኒውትራልም ለይቼ እለካለሁ፤ የመሬት ሽቦም ኤሌክትሪክ እያለ ፈጽሞ አልፈታም።

ቆየት ብሎ ጎረቤታችን ለዚሁ ሥራ የተሠራውን መለኪያ አዋሱኝ። አይ.ኢ.ሲ 61557-4 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት እንዲህ ዓይነቱ መለኪያ ከ4 እስከ 24 ቮልት ባለው ኃይል ቢያንስ 200 ሚሊአምፔር እንዲያሳልፍ ይጠይቃል፤ ተራ መልቲሜትር ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊአምፔር ገደማ ነው የሚያሳልፈው። በጥቂት መቶኛ ኦም የሚለያዩ ሁለት ሶኬቶችን ለመለየት ልዩነቱ ብዙ ነው። ሆኖም የትኛውም መለኪያ አንድ ክር ብቻ የቀረውን የተቆራረጠ ሽቦ አይለይም፤ የተቆራረጠው ቦታ እጅግ አጭር ስለሆነ ንባቡ ላይ አይታይም። ሶኬቱን ፈትቶ በዓይን ማየትና ሽቦውን ሳብ አድርጎ መሞከር የግድ ነው።

አሁን የሁሉም ሶኬቶች ንባብ ከተለካበት ቀን ጋር ተጽፎ በብሬከር ሳጥኑ በር ውስጥ ተለጥፏል። ወደ መሬት የተቀበረውን ዘንግ መለካትና ኤሌክትሪክ እያለ የሚደረገውን የዑደት ልኬት ግን አልነካሁም፤ እነዚህን የሠሩልን ጎረቤታችን ናቸው፣ ውጤቱንም በገዛ እጃቸው ከእኔ ቁጥሮች ሥር ጽፈውታል።