የስምንት ወር የፖስተር ትምህርቴ

ታላቅ እህቴ መገናኛ አካባቢ ትንሽ የማታ ማሰልጠኛ አላት። ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ ኮምፒውተርና ሒሳብ አያያዝ ይሰጣል፣ በሌላው ልብስ ስፌት። ተማሪዎቿ ቀን ሥራ ውለው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዘበኛ አለ፣ ባለሱቅ አለ፣ ሦስት ልጅ አሳድገው ጨርሰው የመጡ እናትም አሉ። የእኔ ሙያ ሒሳብ አያያዝ ነው፣ ከዲዛይን ጋር አንተዋወቅም ነበር። እህቴ ግን ባለሙያ የምትቀጥርበት ብር ስላልነበራት «አንተ ልጅ፣ ስልክህ ላይ ከምታፈጥ አንድ ፖስተር ሥራልኝ» አለችኝ። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። እንደኔ ለዘመድ ወይም ለጓደኛ በነፃ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ያበላሸሁትንም ጨምሬ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ካንቫ በሚባለው የዲዛይን መተግበሪያ ሠራሁት። አንድ ቆንጆ ቴምፕሌት (አስቀድሞ የተዘጋጀ ንድፍ) መረጥኩና እንግሊዝኛውን አጥፍቼ በአማርኛ ተካሁት። ቴምፕሌቱ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ስለሆነ በፊደሎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት አለው። «ምዝገባ» የሚለው «ም ዝ ገ ባ» ሆኖ ቁጭ አለ። እህቴ አይታው «ይሄ የዓይን ሐኪም ቤት ሰሌዳ ነው እንዴ?» አለች። ክፍተቱን ዜሮ ማድረግ እንደሚቻል ያወቅኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

የባሰው ስህተት ግን ሰዓቱ ነበር። ቴምፕሌቱ ላይ «6:00 ፒኤም» ይል ነበር። «ፒኤም» የሚለው ስላስጠላኝ አጠፋሁትና «ከ6:00 ጀምሮ» ብቻ ቀረ። አንድ ሰውዬ ከአለቃቸው አስፈቅደው፣ ምሳቸውን ትተው፣ ቀን በ6 ሰዓት መጡ። በሩ ዝግ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው! እኔ ስልኬ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሠራ አልታየኝም፣ የሚያነበው ሰው ግን በሐበሻ ሰዓት ነው የሚያነበው። ከዚያ ወዲህ «ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት» ብዬ ነው የምጽፈው። ቀኑንም በእኛው አቆጣጠር ብቻ አደርገዋለሁ። የእኛንና የፈረንጁን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ሰው ደውሎ «የቱ ነው ትክክሉ?» ይል ነበር።

አንድ ደግሞ በራሴ ሙያ ያፈርኩበት አለ። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴጅ 50 ነው የሚባለው። እኔ ትክክለኛ ልሁን ብዬ ፖስተሩ ላይ በትልቁ «ሴጅ 50» ብዬ ጻፍኩ። አንድም ሰው ስለ እሱ አልጠየቀም። በሚቀጥለው «ፒችትሪ» ብዬ ስመልሰው ስልኩ መጮህ ጀመረ። እውነትም የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ እስካሁን «ፒችትሪ የምትችል» ነው የሚለው።

ስለ ፊደል ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጊዜዬን የበላው እሱ ነውና። አማርኛ የሚቀበሉ የፊደል ዓይነቶች (ፎንቶች) ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያዩ ጥቂት ናቸው። መጀመሪያ አቢሲኒካን ወደድኩት። ለረጅም ጽሑፍ ያምራል፣ ግን ወፍራም ዝርያ የለውም። «ቦልድ» ስለው ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ያደልበዋል፤ የ«ጨ» ቀለበቶች ተደፍነው ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ ስላለው አሁን ርዕሱንም ዝርዝሩንም በእሱ ነው የምሠራው። ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል ስለሌለን አጉልቼ የማሳየው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው።

ሌላው የእኛ ፊደል ጣጣ የድምፁ ልዩነት ያለው በትንሽ ቅጥያ ላይ መሆኑ ነው። «በ» እና «ቡ»፣ «ለ» እና «ሉ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው። ፖስተሩን ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ ስትልኩት ይጨመቃል፣ ጭረቷም ትደበዝዛለች። መነጽራቸውን ቤት ረስተው ለወጡ ሰው ደግሞ አስቡት። ስለዚህ ጽሑፉን ቀንሼ ፊደሉን አሳደግኩ። ከመለጠፌ በፊት ስልኬን እጄን ዘርግቼ አየዋለሁ። የማላነበው መስመር ካለ ይወጣል። አድራሻ ላይ «ከታክሲ ማዞሪያው ፊት ለፊት፣ 2ኛ ፎቅ» በቂ ነው።

ማተሚያ ቤት የገባሁ ዕለት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ፣ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ርዕሱ ሳጥን ሳጥን ሆነ። ልጁ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ከርቭ አድርገህ አምጣ» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ደረጃው ላይ ነው «ከርቭ ምንድን ነው?» ብዬ የፈለግኩት። ለካ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መቀየር ማለት ነው። ፎንቱ እነሱ ጋ ባይኖርም መልኩ አይቀየርም ማለት ነው። አንዴ ከተቀየረ ግን ማረም ስለማይቻል ያልተቀየረውን ኮፒ አስቀምጡ። እኔ አላስቀመጥኩም ነበር።

ቀለሙም አሳበደኝ። ስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ስለሚሠራ አንዳንዱ ድምቀት ወረቀት ላይ አይገኝም። አሁን 500 ቅጂ ከማሳተሜ በፊት አንዲት ናሙና አስወጥቼ ውጪ ፀሐይ ላይ አያታለሁ። ወረቀቱ ሲቆረጥ ለሚሄደው ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ትርፍ እተዋለሁ፣ ስልክ ቁጥርን ደግሞ ከጠርዝ አርቃለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ፎቶው ነው ብዙ ያሳሰበኝ። መጀመሪያ ከኢንተርኔት ያወረድኩት ላፕቶፕ ይዛ የምትስቅ ፈረንጅ ነበረች። እህቴ «ይህቺ ደግሞ መቼ ተመዘገበች?» ብላ አስወጣቻት። የራሳችንን ተማሪዎች ላንሳ ብዬ ካሜራ ይዤ ገባሁ። ክፍሉ ዝም አለ። አንድ ሰውዬ ወደ ውጭ ጠሩኝና «ልጄ፣ መሥሪያ ቤት እንደምማር አያውቁም። ፊቴን አታውጣው» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ያልፋቸዋል። የበታቾቻቸው ኮምፒውተር ሲነካኩ እያዩ ነው አፍረው የመጡት። ለካ ስንቱ ተደብቆ ነው የሚማረው። እኔ ፖስተር ላይ ልለጥፋቸው ነበር!

ከዚያ እጅ ብቻ ማንሳት ጀመርኩ። ኪቦርድ ላይ ያለ የሻከረ እጅ፣ ሜትር አንገቷ ላይ የጣለች ሴት ከጀርባዋ፣ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡ ጣቶች። መብራቱ ደካማ ስለሆነ በመስኮቱ በኩል ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አነሳለሁ። ሲያዩት «ይሄ የኔ እጅ ነው» እያሉ ይሳሳቃሉ። ስር «በማንኛውም ዕድሜ እንመዘግባለን» የምትል መስመር ጨመርኩ፣ ምክንያቱም ደዋዩ ሁሉ ከክፍያው በፊት «ዕድሜ ይገድባል?» ነበር የሚለው።

አሁን የመስከረሙን ምዝገባ ባነር እየሠራሁ ነው። ሰማያዊውን ትቼ አረንጓዴ ሞክሬያለሁ፣ ናሙናው አልጣመኝም፣ ነገ ሌላ አስወጣለሁ። ፊታቸውን የከለከሉኝ ሰውዬ ባለፈው ዓርብ ሲወጡ በራሪ ወረቀቱን አንስተው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው» አሉኝ፣ «ከየት እንዳመጣሁት ግን አልነግረውም።»