የፊኛ ሕመምን በጂን መረጃ ማጥናት፦ ጅማ ላይ የሠራንበት መንገድ

ካንሰር ያልሆኑ የሽንት ፊኛ ሕመሞችን ጅማ ላይ ሆነን ስናጠና የተነሣነው በነፃ ከሚወርድ መረጃ ነው። ለኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ (ኢንፌክሽን ሳይኖር ለሚዘልቅ የፊኛ ሕመም) ጂኦ በተባለው የጂን መረጃ ማከማቻ ላይ ያለው ጂኤስኢ11783 የተባለ የመረጃ ስብስብ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ከ5 ታካሚዎች ከቁስሉም ቁስል ከሌለበትም ቦታ የተቆረጡ 10 ናሙናዎችና 6 ማነጻጸሪያዎች አሉት። ማይክሮአሬይ (የጂኖችን መጠን በቺፕ የሚለካ ስልት) ስለሆነ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃዋል። የአርኤንኤ ሲኩዌንሲንግ (የአርኤንኤን ቅደም ተከተል የማንበብ ስልት) ጥሬ ፋይል ሲሆን ግን ንባቦቹን ከጂኖም ጋር የሚያዛምደው ስታር የተባለ ፕሮግራም ለሰው ጂኖም 30 ጊጋባይት ገደማ ራም ይፈልጋል፤ ሳልመን የተባለው ሌላ ፕሮግራም ከዚያ በጣም ባነሰ ይሠራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀን ሪካውንት3 ከተባለው የመረጃ ማከማቻ አስቀድሞ የተቆጠረውን የጂኖች ሠንጠረዥ ማውረድ ይሻላል።

ትልቁ ወጥመድ የናሙናው ስብጥር ነው። ቁስለት ባለበት ፊኛ የውስጥ ሽፋኑ ይላጣል፤ ስለዚህ የዩሮፕላኪን (የውስጥ ሽፋኑ ሴሎች ፕሮቲን) ጂኖች፣ እነ ዩፒኬ2 እና ዩፒኬ3ኤ፣ ዝቅ ብለው ይታያሉ። ይህ ሴሎቹ ጂኑን ስላጠፉት ላይሆን ይችላል፤ ሴሎቹ ራሳቸው ናሙናው ውስጥ የሉምና። ቆራጩ ጠለቅ ካለም የጡንቻ ጂኖች፣ ኤምዋይኤች11 እና ዴስሚን፣ ይንራሉ። የቢ ሴልና የፕላዝማ ሴል (የሰውነት መከላከያ ሴሎች) ጂኖች መብዛት ደግሞ በሀነር ቁስል፣ ማለትም በዚህ ሕመም በሚታየው የፊኛ ቁስል፣ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የተለወጡ ጂኖችን ዝርዝር ከማውጣታችን በፊት የእነዚህን ጠቋሚ ጂኖች መጠን በየናሙናው በግራፍ እንሥላለን። ጡንቻ የበዛበትን ናሙና ሽፋን ከበዛበት ጋር ማወዳደር ስለ ሕመሙ ምንም አይነግርም፤ በእኛ እምነት ብዙ “አዲስ” የተባለ ግኝት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ከአንድ ሰው የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች እንደ ሁለት ሰው አይቆጠሩም። ሊማ በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ፣ ዱፕሊኬት ኮሪሌሽን በተባለው ትእዛዝ ታካሚውን እንደ ብሎክ (ተዛማጅ ናሙናዎችን እንደሚያስተሳስር ቡድን) እናስገባለን። ማነጻጸሪያ አነሰ ብሎ ጂቴክስ ከተባለው የመደበኛ የሰው ሕብረ ሕዋሳት የጂን መረጃ ወስዶ መደባለቅም አደገኛ ነው፤ በ8ኛው እትሙ ያሉት የፊኛ ናሙናዎች 21 ብቻ ሲሆኑ ብዙዎቹ ከሞት በኋላ የተወሰዱ ናቸው። ሕመምተኛው ከአንድ ላብራቶሪ፣ ጤነኛው ከሌላ ከመጣ ልዩነቱ የሕመሙ ይሁን የላብራቶሪው መለየት አይቻልም፤ የባች ማስተካከያ (በላብራቶሪ ወይም በጊዜ የመጣን ልዩነት የሚቀንስ) ስልትም አያድነውም።

ለፕሮቲን ጥናት ሽንት ስንይዝ ቅድሚያ በዲፕስቲክ (የሽንት መመርመሪያ ወረቀት) እና በካልቸር (ተሕዋስያንን በማሳደግ) ኢንፌክሽን ያለበትን እንለያለን፤ ኢንፌክሽን ሲኖር የሚበዛው የኒውትሮፊል (የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ፕሮቲን ሌላውን ሁሉ ይጋርደዋል። የቀረውን በሴንትሪፊውጅ በ2000 ጂ (የስበት ኃይል 2000 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ አሽከርክረን፣ የላይኛውን ፈሳሽ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍለን በ−80 ዲግሪ እናስቀምጣለን። መከፋፈሉ ግድ ነው፤ በየጊዜው የሚሟሟና የሚቀዘቅዝ ሽንት በሽንት ውስጥ በብዛት ያለው ፕሮቲን ዩሮሞዱሊን ይዘቅጥና ሌሎች ፕሮቲኖችን ይዞ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ የደረሰበትን ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ውስጡ ይኑር፤ የሟሟው ቱቦ በመዝገቡ ይለያል።