አስር ሰዓት ላይ የሚሰየመው ችሎት

ከቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን ቤቱ ውስጥ ሥራ ይቆማል። መድኃኒቱ ተውጧል፣ የእግራቸው እብጠት ታይቷል፣ ሻዩ በወተት ተቀድቷል። ወይዘሮዋ ሪሞቱን ያነሱና «ነይ ቁጭ በይ፣ ሊጀምር ነው» ይሉኛል። እሳቸው 89 ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ እኔ በዲቪ ሜሪላንድ ከገባሁ አምስት ወር ያልሞላኝ አስታማሚያቸው ነኝ። የሚጀምረው «ጀጅ ጁዲ» ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ውሎዬን ሳወራ ወንድሜ ይስቅብኛል። «አሜሪካ ድረስ መጥተሽ የሰው ጭቅጭቅ ታያለሽ?» እርሱ ዜና ነው የሚያየው፤ ከዜናው አንድ ቀን የሚጠቅመው ነገር ሲያገኝ ግን አላየሁም። እኔ ከዚያ ሶፋ ላይ የለቀምኩት ይኸው እስከ ዛሬ ቤት ስከራይ፣ ገንዘብ ሳበድርና ድስት ሳወርድ ይሠራልኛል።

ለማታውቋቸው፣ ጁዲ ሼይንድሊን ኒው ዮርክ ውስጥ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2021 ድረስ በቴሌቪዥን ተሰይመው የሰው አቤቱታ ሰምተዋል። ጉዳዮቹ ትንንሽ ናቸው፦ መኪናውን ለጓደኛው አውሶ የተጋጨበት፣ ለእጮኛዋ በስሟ ስልክ አውጥታለት ዕዳው እርሷ ላይ የቀረባት፣ ውሻው ጎረቤት የነከሰበት። ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር። ሙግት የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ በበላ ልበልሃ ዘመን ኩታቸውን አጣፍተው፣ ዘንግ ተደግፈው፣ በምሳሌ ባላጋራቸውን የሚረቱ ሰዎችን ታሪክ ሲነግሩን እናመሽ ነበር። ጁዲ ፊት ግን ምሳሌ አያስረታም። ወረቀት ነው የሚያስረታው።

እኔና ወይዘሮዋ በብስኩት እንወራረዳለን። እኔ የሚያለቅሰውን እመርጣለሁ፣ እሳቸው ማኅደር የያዘውን። ብስኩቱን ሁልጊዜ እሳቸው ይበሉታል። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነገሩ ገባኝ። ዳኛዋ የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ ቀኑ መቼ ነበር? ምን ብላችሁ ተስማማችሁ? የት ተጻፈ? «ጓደኛዬ እንደነገረችኝ» ብሎ የጀመረ ሰው ዐረፍተ ነገሩን አይጨርስም፤ ጓደኛዋ ራሷ መጥታ ካልቆመች ወሬ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ለኪራይ ቤት ምንጣፍም እንደሚሆን ያወቅሁት እዚያ ነው።

በዚያው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ምድር ቤት ተከራየሁ። ቁልፉን በተቀበልኩ ዕለት፣ አንድም ሻንጣ ሳላስገባ፣ ስልኬን አውጥቼ ከበሩ ጀምሬ ፎቶግራፍ አነሳሁ። የመታጠቢያ ገንዳው ስንጥቅ፣ የማይዘጋው የቁም ሣጥን በር፣ ምንጣፉ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ቃጠሎ። መጠኑ እንዲታይ ከቃጠሎው አጠገብ የ25 ሳንቲም ዲናሬ አስቀመጥኩ። ፎቶዎቹን ቀን እንዲኖራቸው ለራሴ በኢሜይል ላክሁ፣ ለአከራዩም ላክሁለት። ደውሎ «ምን አስቸገረሽ፣ እኔ እኮ አውቀዋለሁ» አለኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቱን ስለቅ፣ ካስያዝኩት 1,350 ዶላር ዲፖዚት ላይ 900ውን ለምንጣፍ መቀየሪያ ብሎ አስቀረው። የትኛው ምንጣፍ እንደሆነ ልንገራችሁ?

በሜሪላንድ ሕግ አከራዩ ዲፖዚቱን ተከራዩ በለቀቀ በ45 ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት፤ የሚቀንስ ከሆነም ለምኑ ስንት እንደቀነሰ ዘርዝሮ በጽሑፍ መላክ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከያዘ ተከራዩ የተያዘበትን እስከ ሦስት እጥፍ መጠየቅ ይችላል። በወጉ ሲኖሩበት ያረጀ ነገር፣ ለምሳሌ የደበዘዘ ቀለም፣ የተከራይ ዕዳ አይደለም። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በሚፈረም ውል ደግሞ ዲፖዚቱ በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ሌላ ግዛት ያላችሁ የራሳችሁን ሕግ እዩ፤ ቀኑም መጠኑም ይለያያል።

ይህን ሁሉ ጽፌ፣ ፎቶውን አያይዤ፣ በአደራ ደብዳቤ ላክሁለት። መልስ የለም። ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት ሄጄ የአነስተኛ ገንዘብ ክስ ቅጽ ሞላሁ፤ እዚህ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል። በቀጠሮው ቀን የክት ልብሴን ለብሼ ስቀርብ ጩኸት ነበር የጠበቅሁት። ዳኛው ቀና እንኳን ሳይሉ «እናንተ ተነጋግራችኋል?» ብለው ወደ ኮሪደር ላኩን። አግዳሚ ወንበር ላይ ማኅደሬን ከፈትኩ። አከራዩ ቃጠሎውን አየ፣ ሳንቲሙን አየ፣ ከኢሜይሉ አናት ላይ ያለውን ቀን አየ። ከዚያ የደረት ኪሱን ዳበሰና «እስክሪብቶ አለሽ?» አለኝ። 900 ዶላር ጽፎ ቼኩን ሰጠኝ። ሦስት እጥፉን አልጠየቅሁም፤ ወንድሜ በዚህ እስከ ዛሬ ይናደዳል።

ቴሌቪዥኑ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። እዚያ ፕሮግራም ላይ የተፈረደውን ገንዘብ የሚከፍለው አዘጋጁ ክፍል ነው፤ ተሸናፊው ከኪሱ አያወጣም። በእውነተኛው ፍርድ ቤት ግን ፍርዱ ወረቀት ነው፣ ገንዘቡን ማስከፈል ሌላ ሙግት ነው። ስለዚህ ክሱን የዘጋሁት ቼኩ ባንክ ገብቶ ካለፈ በኋላ ነው።

የባሰው ከባዳ ጋር ሳይሆን ከዘመድ ጋር ነው። ለአጎቴ ልጅ 600 ዶላር ሳበድር «ፈርምልኝ» ማለት አልቻልኩም፤ ይሉኝታ አፌን ያዘው። ገንዘቡን ከሰጠሁት በኋላ ግን የስልክ መልእክት ላክሁለት፦ «600ው ደህና ገባልህ? እስከ ፋሲካ እመልሳለሁ ያልከውን ለእቁቤ ስለምፈልገው ነው።» እርሱም «ገብቷል እህቴ፣ ከፋሲካ አያልፍም» ብሎ መለሰ። ይኸው መጠኑም ቀኑም ቃሉም በአንድ ገጽ ተጻፈ፣ ማንም አልተቀየመም። ለነገሩ በሰዓቱ ከፍሏል።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከወይዘሮዋ ጋር የምናየው የእንግሊዛዊውን ምግብ አብሳይ የጎርደን ራምሴን «ኪችን ናይትሜርስ» ነበር። ሰውየው ሊዘጉ የደረሱ ምግብ ቤቶች ገብቶ ምግቡን ይቀምሳል፣ ማቀዝቀዣውንም ይከፍታል፤ ስድቡ የሚብሰውም እዚያ ነው። ስድቡን ትቼ የያዝኩት ይህን ነው፦ ጥሬ ዶሮ ሁልጊዜ ከታችኛው መደርደሪያ ይቀመጣል፣ ደሙ የበሰለ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ። በዕቃው ላይ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል። ማሽተት ፈተና አይደለም። የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፤ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል፣ የበሰለ ምግብም ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም።

ይህን ለእናቴ ማስረዳት ከአከራዩ ጋር ከመሟገት ይከብዳል። ለፋሲካ ልትጠይቀን መጥታ ቅዳሜ ሌሊት ያወጣችውን ዶሮ ወጥ እስከ እሑድ ማታ ምድጃው ላይ ልታሳድረው አሰበች።

«ወጥ ካላደረ ምኑን ወጥ ሆነ?»

«እማዬ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም እኮ ያድራል።»

«በርበሬና ቅቤ የገባበትን ምን ይነካዋል? ጠዋት እናፈላዋለን።»

አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ሲፈላ እንደማይጠፋ ነገርኳት። አገር ቤት በዚህ የሞተ ሰው እንደማታውቅ ነገረችኝ። በመጨረሻ ወጡን ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍለን አስገባነው፤ ድስቱ እንዳለ ከገባ መሐሉ ለሰዓታት ትኩስ ሆኖ ይቆያል። አንድ ትንሽ ድስት ግን «ለእንግዳ» ብላ ምድጃው ላይ አስቀረች። እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቼ ሰርቄ አስገባሁት። ጠዋት አይታ ዝም አለች፤ ይህ በእናቴ ቋንቋ ብዙ ነው።

ላስ ቬጋስ ያለውን የወለድ አገድ ሱቅ የሚያሳየው «ፖውን ስታርስ» ወንድሜም ተደብቆ የሚያየው ነው። ከአያታችን የወረስናቸው ሁለት ጠገራ ብሮች አሉን። ወንድሜ «1780 ይላል፣ ሀብታም ሆነናል» ብሎ በጥርስ ሳሙና ፈትጎ አብረቀረቃቸው። እዚያ ሱቅ የሚጠሩት ባለሙያዎች ደጋግመው የሚሉት ግን አሮጌ ሳንቲም አትጥረጉ ነው፤ ሲፈተግ ሰብሳቢ የሚፈልገው ገጽታ ይጠፋል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ደግሞም ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ቀን ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ የአብዛኛው ዋጋ ከብሩ ክብደት ብዙም አይርቅም፤ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ዜናውን ከፈተ።

ቤት አፍርሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ብዙም አላምናቸውም። አንድ ነገር ብቻ ወስጃለሁ፦ አዲስ ቤት በገባሁ ቀን የዋናውን ውኃ መዝጊያ እፈልጋለሁ። አንድ ክረምት ቧንቧ ቀዝቅዞ ሲፈነዳ ጎረቤቴ የት እንዳለ እስኪያገኘው ድረስ ውኃው ሳሎኑን ሞልቶ ነበር። የእኔ ከቦይለሩ ጀርባ ነው።

ወይዘሮዋ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቴ በመጣችበት ሰሞን እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እርሷ ሶፋው ላይ ሆና የጀጅ ጁዲን ድጋሚ ታይ ነበር። እንግሊዝኛ አትሰማም። አንዱ ሰውዬ እጁን እያወናጨፈ ሲናገር ቆይታ «ይኼ ይረታል» አለች።

«ማን? የሚናገረው?»

«የለም፣ ይሸነፋል ማለቴ ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አታይውም እንዴ፣ እጁ ባዶ ነው።»