የአባቴ ዕጣና የእኔ ዳይስ

እኔና ታናሽ ወንድሜ ዲቪ የሞላነው አንድ ቀን ነው። 2000 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት፣ አንድ ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀምጠን። ፎቶውንም የተነሣነው አንድ ቤት ነው። እኔ ደረሰኝ። እሱ አልደረሰውም።

ዲቪ ያኔ በዓመት 50,000 ገደማ ቪዛ ነበር፤ የሚሞላው ሕዝብ ግን በሚሊዮን ነበር። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነበር። ማንም ፎቷችንን አይቶ እኔን ከእሱ አላበለጠም። ይህን አውቃለሁ። ግን ዴንቨር ገብቼ ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር «ለምን እኔ?» የሚለው ነገር አልለቀቀኝም። ብር ስልክም፣ ሳልልክም ያ ወንበር ድቅን ይልብኝ ነበር።

ካታን የሚባለውን ጨዋታ ያወቅሁት በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጠራኝና ጠረጴዛው ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን የካርቶን መሬቶችን ገጣጠመ። 19 ናቸው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1995 ጀርመን አገር የወጣ ነው። ስንዴ የሚያበቅል መሬት አለ፣ በግ የሚሰጥ አለ፣ ጫካ አለ፣ አንዱ ደግሞ ምድረ በዳ ነው። ጎጆህን መሬቶቹ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ትተክላለህ። ከምድረ በዳው በቀር ሁሉም መሬት ቁጥር አለው። ሁለት ዳይስ ይጣልና ድምሩ የመሬትህ ቁጥር ከሆነ ታመርታለህ። ሰባት ከወጣ ዘራፊ ይመጣል። እኔ ወዲያው ሽፍታ አልኩት። ጎጃም ያደገ ሰው ሌላ ስም አይመጣለትም።

የመጀመሪያ ቀን ስምንት ቁጥር ያለው ስንዴ ላይ ሰፈርኩ። ጥሩ ቁጥር ነው ብለውኛል። ማታውን ሙሉ ስምንት የወጣው አንዴ ነው። ፊቴ ተለዋወጠ፤ ቻው ሳልል ነው የወጣሁት። መኪና ውስጥ ገብቼ መሪውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የተናደድኩት በስንዴው እንዳልሆነ የገባኝ እዚያ ነው።

ቢሆንም ተመልሼ ሄድኩ። ቀስ በቀስ ሒሳቡ ገባኝ። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወጣጥ አለው። ሁለት የሚመጣው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ስምንት በአምስት፣ ሰባት በስድስት መንገድ ይመጣል። ስለዚህ ስምንት ላይ መስፈር ብልህነት ነው፤ ስምንት ግን ቃል አልገባልህም። ዳይሱን ማዘዝ አይቻልም። ከመጣሉ በፊት የት እንደምሰፍር ግን የምመርጠው እኔ ነኝ። ከተጣለ በኋላም ሁለት በግ ይዤ አንድ ስንዴ ካለው ሰው ጋር መደራደር እችላለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ አገር ቤት ስገባ ጨዋታውን በሻንጣ ይዤው ሄድኩ። ቤታችን ከብቸና ወጣ ብሎ ነው። የጤፍ ውቂያ ነበር፤ ቀን አውድማ ላይ ዋልን፤ ማታ ጠላ ቀርቦ ካታንን መደብ ላይ ዘረጋሁት። ወንድሜ ገና ሕጉን ሳልጨርስ ባቄላ እየደረደረ የ36ቱን አወጣጥ ቆጠረ።

አባቴ አጠገባችን ሆነው ያዩ ነበር። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው ምድረ በዳዋን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጓት። ጥፍራቸው ላይ ጭድ ነበር።

«ይቺ የእኔዋ ናት» አሉ።

በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ማለታቸው ነው። ወረቀት ተጠቅልሎ ባርኔጣ ውስጥ ገባ። ጎረቤታችን ዋልካው ደረሰው፤ ለአባቴ ዳገት ላይ ያለው ድንጋያማ። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመጣ እኔና ወንድሜ ድንጋይ እንለቅም ነበር። በድንጋዩ አባቴ እርከን ሠሩበት። ዛሬ ያ መሬት ጤፍ ይሰጣል፤ ዳር ዳሩ ባሕር ዛፍ ነው።

ያን ማታ አንድ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ አደረ። ዲቪ ደረሰው እንላለን። ዕጣ ደረሰው እንላለን። እህሉም ደረሰ እንላለን። ዲቪ ሲደርሰኝ እጄ የሠራው ነገር የለም። ጤፉ የደረሰው ግን አራት አምስት ጊዜ ታርሶ፣ ታርሞ ነው። የእኔ ዕዳ መስሎኝ የተሸከምኩት ያንን የመጀመሪያውን ነበር።

አባቴ ሲተኙ ወንድሜን ጠየቅሁት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁትም ነበር።

«ወንድምዓለም፣ አላዘንኩም ብልህ ውሸት ነው» አለኝ። «አዝኛለሁ። ክረምቱ ሲገባ ግን በሬ መጥመድ ነበረብኝ።»

ከዚያ ባቄላዎቹን ሰበሰበና ሌላ ዙር እንጫወት አለኝ። እስኪነጋ ተጫወትን። እሱ አሸነፈ።

ጨዋታውን ትቼላቸው መጣሁ። ከወራት በኋላ ደወለልኝ። አንዱ ዳይስ ጠፍቷል። ደንግጬ ሌላ እልካለሁ ስለው ግድ የለም አለኝ። 36 ወረቀት ቆርጦ ጠቅልሎ የአባቴ ባርኔጣ ውስጥ ከቶታል። ከዚያ እያወጡ ይጫወታሉ፤ ያወጡትን መልሰው ይከቱታል።

«ሰባትን ስድስቱ ላይ ጻፍኩት» አለኝ። «አባባ ሽፍታ በዛ ብለው ሁለቱን ላውጣ አሉ። እንቢ አልኳቸው።»