ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል በሦስት ክብ

ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ክራርም እጫወታለሁ። ስብስቦች የሚጋሩትንና የማይጋሩትን በተደራረቡ ክቦች የሚያሳየው ቬን ዲያግራም ላይ ስንደርስ ሁለቱን አገናኛቸዋለሁ።

ተማሪ «አወዳድር» ሲባል ሁለት ክብ ይስልና መሃል ላይ «ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው» ብሎ ይጽፋል። ይሄ ለማንም ምንም አይነግርም። ክቡ ውስጥ የሚገባው አንድ በአንድ የሚቆጠር ነገር ሲሆን ነው ሥዕሉ የሚናገረው። ለዚህ ደግሞ ከቅኝት፣ ማለትም እንደ ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ካሉት የዜማ ድምፆች ስብስብ፣ የተሻለ አላየሁም። አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ባቲና አምባሰል ደግሞ የዚሁ የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ልጆቹ የባቲን የሰኞ ገበያ ያውቁታል።

መነሻውን ዶ እናድርግ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። መሃል ላይ ዶ፣ ሚና ሶል ይገባሉ። ሬና ላ ለትዝታ፣ ፋና ሲ ለባቲ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተለያዩት ድምፆች ሁለት ሁለት ናቸው፤ ክራሩን ከትዝታ ወደ ባቲ ስቃኘው ግን ሦስት ክር ነው የምነካው። የሬው ክር ወደ ሚ፣ የሚው ወደ ፋ፣ የላው ወደ ሲ ይወጣል። ቬን ዲያግራም ምን እንዳለ ያሳያል፤ ቅደም ተከተልን አያሳይም።

አሁን አምባሰልን እንጨምር («ፍላት» ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። የሦስቱም የጋራ ዶና ሶል ሆኑ። ሚ የትዝታና የባቲ፣ ፋ የባቲና የአምባሰል ነው። የትዝታና የአምባሰል ብቻ የሆነው ቦታ ባዶ ቀረ።

ልጆቹ ያንን ባዶ ቦታ ማጥፋት ይፈልጋሉ። እኔ አላስነካም! የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ከቬን በፊት በክብ ሲሠራ የሌለውን ክፍል አይስለውም ነበር። ጆን ቬን በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ግን መጀመሪያ ሊኖር የሚችለውን ክፍል ሁሉ ይስላል፤ ባዶው ላይ ከዚያ በኋላ ምልክት ያደርጋል። የእኛ ባዶ ቦታም ትልቅ ነገር ይናገራል፦ ትዝታና አምባሰል የሚጋሩት ሁሉ ባቲም ውስጥ አለ። ሚን ከትዝታ፣ ፋን ከአምባሰል ጋር ይዞ መሃላቸው የቆመው ባቲ ነው።

አራተኛውን ቅኝት፣ አንቺ ሆዬን፣ ለመጨመር አራተኛ ክብ አይበቃም። ውጭውን ጨምሮ 16 ክፍል ያስፈልጋል፤ አራት ክብ ቢበዛ 14 ነው የሚሰጠው። ቬን ራሱ ለአራት ስብስብ ሞላላ ቅርጽ ነው የተጠቀመው። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቸው። ሞላላዎቹን ሳሉና ላ ከማን ጋር እንደሚገጥም እዩት።